ከድልድዩ እግር ሥር

በመጀመሪያ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩት በግድ ነው፤ ፊደል እገድፋለሁ፤ መስመሩንም እየሳትኩ ወደ ታች እንሸራተታለሁ። አስተማሪያችን ደብተሬን ገልጠው ሲያዩ «ዝናብ የበተነው ጉንዳን» ይሉ ነበር፤ ክፍሉም ይስቅ ነበር። ደግሞ ስለ ራሴ «እኔ» እያልኩ መጻፍ ፊቴን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ልጅቷን በስሟ ዪንሁዋ እያልኩ፣ እንደ ሌላ ሰው አድርጌ ልንገራችሁ። እንደዚያ ሲሆን መጻፉ ይቀለኛል።

ዪንሁዋ አልተኛችም። የምሳ ደንበኛ ወጥቶ የእራቱ እስኪገባ ድረስ የምግብ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ይተኛል፤ አግዳሚ ወንበሮችን እያጋጠመ፣ ሽርጡን አጣጥፎ እየተንተራሰ፣ ጫማውን ጠረጴዛ ሥር እያስቀመጠ ይዘረራል። ምግብ ቤቱ ያለው ተራራ ውስጥ ነው፤ በድሮው ጦርነት የቾንግቺንግ ከተማ ሰው ከአውሮፕላን ቦምብ የተሸሸገበት ዋሻ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ውጪ ፀሐይ እያለም ውስጡ ድቅድቅ ያለ ሌሊት ይሆናል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ የበርበሬውና የከብት ሞራው ሽታ ከድንጋዩ አይለቅም። የወጥ ቤቱ አለቃ ወፍራሙ ጆ ያንኮራፋል፤ ማንኮራፋቱ ወደ ዋሻው መጨረሻ ሄዶ ዞሮ ስለሚመለስ ሁለት ሰው ያንኮራፋ ይመስላል። ዪንሁዋ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደማይታየው ጣሪያ ታፈጣለች። እናቷ ትናንት «ነገ ከቀን እንቅልፋችሁ ስትነቁ እደውላለሁ፤ የምትመጪበትን ቀን ትነግሪኛለሽ፤ ከዘንዶ ጀልባ በዓል በፊት ይሁን፤ ጨርሻለሁ» ብላታለች። እናቷ ጨርሻለሁ ካለች ጨርሳለች። በወረዳው ከተማ የአክስቷ ባል ወዳጅ የሩዝ ቂጣ የሚጋግርበት ሱቅ አለው፤ እዚያ ልትገባ ነው፤ ማታ ማታ ቤቷ ልታድር፣ ከእናቷ ጎን ልትተኛ ነው። ሌላ ልጅ ብትሆን በደስታ ታለቅስ ነበር። ዪንሁዋ ደግሞ ሌሊቱንም ቀኑንም ዓይኗን አልከደነችም፤ ስለ መሄዷ ላስብ ስትል የሚመጣባት የማንቲንግ ፊት ነው፤ የማንቲንግ ፊት፣ የማንቲንግ ሳቅ፣ የማንቲንግ ጽጌረዳዎች።

«የማንቲንግን አየሽው?» ነበር ያለቻት እናቷ ትናንት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። ማንቲንግ የአጎቷ ልጅ ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጣታለች፤ ከጉይጆ ተራሮች ቀድማት ወደዚህ ከተማ የመጣች፣ ጥፍር ማሳመሪያ ቤት የምትሠራ፣ በትርፍ ጊዜዋ «ማንም የማያውቀው ቾንግቺንግ» እያለች በስልኳ እየቀረጸች የምትለቅ ናት። «ያ ግድግዳ ላይ የበቀለው ዋርካ! ከሥሩ ያ ፀጉር አስተካካይ መስተዋቱን የዛፉ ሥር ላይ ሰቅሎ! ታዲያ ምን አለች መሰለሽ? ‹እዚህ አገር ዛፍ መሬት አይለምንም፤ ግድግዳ ካገኘ ይበቃዋል› አለች። እኔ አለቀስኩ ልጄ። ጎረቤቶቻችንም ደገሙት፣ ደጋግመው ከፈቱት። የትኛው ትምህርት ቤት ነው እንዲህ ያለ አፍ የሰጣት? አንቺ ግን የኔ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ እንኳ አሳይተሽኝ አታውቂም። የምታይው ሰሃን ብቻ ነው። የዕረፍት ቀን እንኳ የለሽ። አንጀቴን በላሽው። በቃ፣ ነይልኝ።» ዪንሁዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። «እየሰማሽኝ ነው?» «እሰማለሁ እማ።» የሰማችው ግን የራሷን ቃል ነው። ስለ ዋርካው ያለችው እሷ ናት፤ አንድ ማክሰኞ ከዛፉ ሥር ቆማ፣ ፀጉር አስተካካዩ እንዳይሰማት አፏን በመዳፏ ከልላ፣ ለስልኳ ያንሾካሾከችው ነው። የራሷ ቃል ከማንቲንግ አፍ ወጥቶ፣ ተራራ ተሻግሮ፣ እናቷን አስለቅሶ፣ ከእናቷ አፍ ደግሞ ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ገባና «አንቺ ግን» ተባለችበት።

ይሄ ቅናት እንደ ምግብ ቤታቸው ቅመም ነው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ያደነዝዛል፤ ከዚያ ውሃ ቢጠጡበት ውሃውም ይኮመጥጣል። ከማንቲንግ ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ ይኮመጥጣታል፤ የገዛችላት ሹራብ፣ የቀባችላት ጥፍር፣ ከሩቅ ስታያት እጇን እያውለበለበች «አንቺ ዝምተኛ!» ብላ መጮኋ። ቪዲዮዎቹን ሁሉ አይታቸዋለች፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ፣ እንደ ሌባ። ከሥር የተጻፈውን ታነባለች፤ ያላወቀችውን ፊደል እያለፈች ታነባለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ እዚያ አለ፤ «የኛ ልጅ!» ይላል። እናቷ መጻፍ አትችልም፤ ስለዚህ ሥዕል ትልካለች፤ ለማንቲንግ የምትልከው ጽጌረዳ ነው፣ ቀያይ ጽጌረዳ በተርታ። ለዪንሁዋ የምትልከው የሚያለቅሰውን ፊት ነው። ዪንሁዋ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእናቷ አንዲት ጽጌረዳ አልደረሳትም። እስቲ አንዲት ብቻ፤ የተሳሳተች፣ ጣቷ አዳልጧት የመጣች ብትሆን እንኳ።

ለምን እኔ ነኝ አላለችም ትሉ ይሆናል። አንድ ቃል ነው እኮ፤ «እማ፣ ዋርካውን ያገኘሁት እኔ ነኝ» ቢባል ያልቃል። ከዚያ ግን እናቷ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ዪንሁዋ ታውቃለች፤ መቼ አየሽው ትላታለች፤ የዕረፍት ቀን የለኝም አላልሽም ወይ ትላታለች።

የመጣች ሰሞን ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሽርጡ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርስ ነበር። በመጀመሪያዋ ማክሰኞ ማንቲንግ እጇን ይዛ ወደ ወንዙ ዳር አወረደቻት፤ ደረጃው ወረደ፣ ወረደ፣ አልቆ ሌላ ጀመረ፤ ከታች አንዲት ሴትዮ በረዶ ያለበት የሚንቀጠቀጥ ነጭ ነገር በጽዋ ትሸጣለች፤ ላዩ ላይ ጥቁር ስኳርና ለውዝ አለበት። ዪንሁዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማንኪያውን አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ከማዶ ያለው ተራራ ከላይ እስከ ታች መብራት በመብራት ሆነ፤ ማንቲንግ ስለ አለቃዋ አንድ ነገር አለች፤ ዪንሁዋም ሳቀች፤ ጥርሷን ሳትሸፍን፣ ድምፅ አውጥታ፣ በሕይወቷ እንዲያ ስቃ አታውቅም፤ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ፍግ ተሸክማ እርከኑን ስትወጣ አዳልጧት ወድቃለች፤ ጉልበቷ ተሰብሯል። «አትጨነቂ» ትላለች እናቷ፣ ጥርሷን ነክሳ። «የት ነሽ? ሰው ይጮሃል።» ዪንሁዋም «ሥራ ላይ ነኝ» አለች። «ማታም ትሠራላችሁ?» «ሁልጊዜ እንሠራለን፤ ዕረፍት የለንም።» ጽዋው እጇ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት የላትም። እናቷ አንድ እግሯን እየጎተተች እርከን ስትወጣ እሷ ከተማውን ስትዞር እንደምትውል እንዴት ትናገራለች? ስለዚህ ሰሃን አጥባ፣ ሰሃን አጥባ፣ ሰሃን አጥባ ትኖራለች፤ በእናቷ ጆሮ ውስጥ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ትወጣለች። ማንም የሚሄድበት ቦታ አትሄድም፤ ሰው የሚሰለፍበት፣ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ላይ ሰው ሁሉ እሷን የሚያይ ይመስላታል። በሰው ጓሮ፣ በልብስ ማስጫ ሥር፣ ድመት በሚያልፍበት ታልፋለች። አንድ ፎቅ አገኘች፤ ከታች መንገድ ስትገቢበት ምድር ቤት ነው፤ ደረጃውን እስኪያልብሽ ወጥተሽ መካከሉ ላይ በር ስትከፍቺ ሌላ መንገድ ላይ ነሽ፤ አትክልት የጫነ ጋሪ ያልፍብሻል። አንድ ሻይ ቤት አገኘች፤ በወጣትነታቸው ጀልባ በገመድ እየጎተቱ ወንዙን ሽቅብ ያወጡ የነበሩ ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፤ አንዱ ሲሸነፍ ድንገት የዱሮውን የጉተታ ዜማ ያነሳዋል፤ ሌሎቹም ካርታቸውን ሳይለቁ ይቀበሉታል፤ ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሌላ ዋሻ አገኘች፤ በበጋ ሙቀት ሰፈርተኛው አሮጊት ሽማግሌ ሳይል ትራስና ሹራብ ይዞ ገብቶ በቅዝቃዜው የሚውልበት። በየቦታው ስልኳን ታወጣና «እማ» ብላ የድምፅ መልእክት መቅረጽ ትጀምራለች፤ «እማ፣ እዚህ ጋ ቆሜ ምን እያየሁ መሰለሽ» ትላለች፤ ከእናቷ ጋር እርከን ዳር ተቀምጣ እንደምታወራው ሁሉንም ትነግራታለች። ጨርሳ እንዲላክ ጣቷን ከስልኩ ልታነሳ ስትል የእናቷ ጉልበት ትዝ ይላታል። ድምፁን ታጠፋዋለች። ሳይነገር እንዲቀር ደግሞ አትፈልግም፤ ስለዚህ «እማ» የምትለዋን ትታ እንደገና ትናገረዋለች፤ ለማንቲንግ ትልከዋለች። ማንቲንግ መጀመሪያ «ይሄ ምኑ ነው የሚያምር?» አለች፤ ቀጥላ ሄዳ አየችው፤ ቀጥላ ቀረጸችው። ዪንሁዋ የተናገረችውን ነገር ቃል በቃል አለችው፤ ግን ጮክ ብላ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ እየመለሰች፣ እየሳቀች።

ሌባ እንዳትላት ደግሞ ማንቲንግ ሌባ አይደለችም፤ ይሄ ነው የሚብሰው። አንድ ቀን ማንቲንግ ወደ ምግብ ቤቱ መጣችና በሰው ሁሉ ፊት ስልኳን አዞረችባት። «ተመልካቾቼ፣ ይቺ ናት! ቦታዎቹን ሁሉ የምታገኘው ይቺ ዝምተኛ እህቴ ናት! በይ ሰላም በያቸው!» ዪንሁዋ ትሪውን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። ትሪው ላይ ጥሬ የከብት አንጀት ነበረበት፤ ሽርጧ ላይ ፈሰሰ። ወፍራሙ ጆ እስካሁን ይተርብባታል፤ «ፎቶ መጣ፣ አንጀቱን ያዙ!» ይላል። ማንቲንግ በዚያ ቀን «እሺ፣ እሺ፣ አትፈልግም» ብላ ስልኩን ወደ ራሷ መለሰች። ዪንሁዋ ከትሪው ጀርባ ሆና አትመልሺው፣ ትንሽ ቆይተሽ እንደገና ሞክሪኝ ትላለች በሆዷ። ማን ይሰማታል?

አሁን የቀራት አንድ ቦታ ነው። እሱን ለማንቲንግ አልላከችም። ከትልቁ ድልድይ እግር ሥር፣ ወንዙ በብርድ ወራት ሲጎድል የሚገለጥ ጥቁር ደለል አለ፤ የማንም አይደለም፤ ሽማግሌዎች እየተሻሙ ከፋፍለው አተርና ጎመን ይዘሩበታል፤ ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሁሉንም ይወስደዋል፤ በኅዳር ተመልሰው እንደገና ይከፋፈሉታል። ከላይ መኪና ሲያልፍ ድልድዩ ያጉረመርማል፤ ከታች ቢራቢሮ ጎመን ላይ ያርፋል። ዪንሁዋ መጀመሪያ የሄደች ቀን ዳር ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና፣ ሳታስበው እጇን ሰድዳ አጠገቧ ካለው የአተር መደብ አረም መንቀል ጀመረች። ባለመደቡ አባባ ሺያንግ በጉልበቱ ዘመን የሰው ዕቃ በቀርከሃ ዘንግ አንጠልጥሎ የዚህን ከተማ ደረጃ ሲወጣ የኖረ ነው፤ አሁን በዚያው ዘንግ ሁለት ባልዲ ውሃ ከወንዙ ያመጣል። ባልዲዎቹን አውርዶ አያት።

«አንቺ፣ ማን ቀጠረሽ?»

«ይቅርታ አባባ።» ልትነሳ አለች።

«ተነሺ አላልኩም። እንዲህ ከነሥሩ የምትነቅይ ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከጉይጆ።»

«አሃ! እነዚያ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ሥር የሚበሉት! ምላሳችሁ ምን በድሏችሁ ነው እንዲያ የምትቀጡት?»

ዪንሁዋ ሳቀች። ጀርገን ይባላል ሥሩ፤ የአገሯ ሰው ያለ እሱ እህል አይወርድለትም። በቀጣዩ ማክሰኞ ከገበያ ገዝታ ጥቂቱን ሳትበላ አመጣች፤ አባባ ሺያንግ ከመደቡ ጫፍ የአንድ ምንጣፍ ስፋት በዘንጉ አሰመረና «ያንቺ እንግዲህ፤ ሽታው ወደኔ እንዳይመጣ» አላት። ተከለችው። ያዘ። ቅጠሉ እንደ ልብ እየሆነ ወጣ። አገሯ እያለች መኮትኮት ስትባል ሆዴን አመመኝ እያለች ትደበቅ የነበረች ልጅ፣ እዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሰሃን እያጠበች የምታስበው ስለ አረም ነው።

ማንቲንግ በጥፍሯ ያዘቻት። ጥፍር ቀቢ አይደለች! ባለፈው ሳምንት እጇን ይዛ ልታጸዳላት ስትል ቆመች። «ይሄ አፈር የወጥ ቤት አፈር አይደለም። የት ነው የምትሄጂው? ቦታ አግኝተሻል አይደል? ደብቀሽኛል!» ዪንሁዋ እጇን ሳበች። «በሞቴ! ቦታ አልቆብኛል እኮ፤ ሰው ይጠብቀኛል፤ ዪንሁዋዬ፣ የእህትሽ ልብ አያሳዝንሽም?» ዪንሁዋ እምቢ ማለት አትችልም፤ አፏ እምቢ የሚለውን ቃል አልለመደውም። ስለዚህ በስልኳ ካርታ ላይ ነጥቧን ላከችላት። ነጥቧን ብቻ። ይሄ ከተማ ተራራ በተራራ ላይ የተደራረበ ነው፤ ካርታው የቱ ጋ እንደቆምሽ እንጂ ስንተኛው ከፍታ ላይ እንደቆምሽ አያውቅም፤ ለዚህ ነው የአገሩ ሰው ቦታ ሲነገረው ከሁሉ አስቀድሞ «ላይ ነው ታች?» ብሎ የሚጠይቀው። ማንቲንግ ከመቸኮሏ የተነሳ አልጠየቀችም። ዪንሁዋም አልነገረቻትም።

ማክሰኞ ዕለት አረሟን እየነቀለች ሳለ ስልኳ ጮኸ። «ደርሻለሁ! ካርታው ደረስሽ ይለኛል! የታለሽ? መኪና ብቻ ነው እኮ የማየው!» ዪንሁዋ ቀና አለች። ከሰማይ በታች፣ ከድልድዩ መደገፊያ ብረት አጠገብ፣ የጥፍር ቤቱን ሮዝ ሸሚዝ የለበሰች ትንሽ ፍጥረት ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ እንደ ጉንዳን። ልክ ከዪንሁዋ ራስ በላይ ናት፤ ድንጋይ ብትጥል ጎመኑ ላይ ያርፋል። «ሄሎ? ቆሜበታለሁ እያልኩሽ ነው! እግሬ ሥር ነው ይላል!» ወደ ታች ተመልከቺ ማለት ነበረባት። አላለችም። «እዚያ አይደለሁም» አለች፤ ይሄ ደግሞ እውነት ነው። «ምን ዓይነት ቦታ ነው ያሳየሽኝ? ድልድይ እኮ ሁሉም ሰው ያውቀዋል!» ማንቲንግ ትንሽ ቆይታ፣ በነፋሱ ፀጉሯ እየተበተነ ሄደች። ዪንሁዋ ደስ አላት። እጇ አሁንም አፈር ውስጥ ነው፤ ደስታውም እንደ ምግብ ቤቱ ቅመም ነበር።

አባባ ሺያንግ ጎንበስ ብሎ አተሩን ሲያስር አይቷታል። «ያቺ የምትጮኸው ያንቺ ናት?»

«የአጎቴ ልጅ ናት።»

«ብትጠሪያት ትሰማሽ ነበር፤ ድልድዩ ድምፅን ወደ ላይ ያወጣል።» ገመዱን ጥርሱ ላይ ይዞ ሦስት አተር ካሰረ በኋላ «ውሃው ሊመጣ ነው። ጀርገንሽን እስከዚያ ብዪው። ኅዳር ላይ ሲጎድል ይቺ ምንጣፍሽ ያንቺው ናት፤ ለሰው አልሰጥም። ትኖሪያለሽ ወይስ አገርሽ ትገቢያለሽ?» አላት። ዪንሁዋ «እኖራለሁ» አለች። እንዲሁ ወጣ። ሳታስበው፣ እንደ መተንፈስ። ከዚያ በኋላ ነው የፈራችው።

አሁን በዋሻው ጨለማ ስልኩ ደረቷ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እናቷ ናት ብላ ክው አለች፤ ማንቲንግ ናት። ድምፁን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችው። «ዝምተኛዬ፣ አክስቴ ልትወስድሽ ነው አሉ! እኔ አላምንም። ሂጂ ብላ ብታስገድድሽ እንኳ ያንን ቦታ ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ፣ እሺ? አንቺ ከሄድሽ ማን ያሳየኛል?» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «እውነቴን ነው። ያንቺን ድምፅ ካልሰማሁ ይሄ ከተማ ለኔ ደረጃ ብቻ ነው።» ዪንሁዋ ደግማ ሰማችው። ቢያናድዳት ትፈልግ ነበር። የቀናችባት ሰው ከቪዲዮው ሥር በሚልክላት ልብ አይደለም፣ በተመልካቹም አይደለም፤ አሁን በጨለማው ውስጥ ስትገላበጥ የገባት ይሄ ነው። ማንቲንግ «ይቺን ከተማ እንዴት እንደምወዳት!» ብላ መጮህ ትችላለች፤ የዪንሁዋ እናት ሰምታ ጽጌረዳ ትልክላታለች። ማንቲንግ ደስ ሲላት ማንንም አይጎዳም። የዪንሁዋ ደስታ ግን እናቷ እርከን ላይ ስትወድቅ የተያዘ ደስታ ነው።

ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናት። እትዬ ሉዎ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ከሩቁ አግዳሚ ላይ «ማን ነው እሱ፣ ሰው ተኝቷል!» አለች።

«ልጄ፣ ነቃችሁ? በይ ቀኑን ንገሪኝ፤ የአክስትሽ ባል ዕቃ የሚጭንበት መኪና አለው፤ ከባቡሩ ጣቢያ ይቀበልሻል።»

«እማ።»

«የትኛው ቀን?»

«እማ፣ ዋርካውን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«የቱን ዋርካ?»

«ግድግዳ ላይ የበቀለውን። ‹መሬት አይለምንም› ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ የሚዘፍኑበትን ሻይ ቤትም፣ ፎቁንም። ማንቲንግ የምትለው ሁሉ እኔ ያልኳትን ነው። ያልኩት ደግሞ ላንቺ ነበር።»

ከወዲያ ማዶ ዳክዬ ይጮሃል። የእንጨቱ ዱካ ሲንቋቋ ተሰማ፤ እናቷ ተቀመጠች።

«አንቺ የዕረፍት ቀን የለሽ፤ መቼ አየሽው?»

መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ጥያቄ ይኸው ፊቷ ቆመ፤ እሱም ሲመጣ እንዲህ ትንሽ ነው።

«አለኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

ዪንሁዋ እዚህ ላይ ልታቆም ነበር፤ ዝም ማለት ታውቅበታለች። ግን አፏ ቀደማት፤ «እማ፣ ሌላም አለ፤ እሱን ማንቲንግም አታውቀውም» አለች፤ ስለ ድልድዩ እግር ነገረቻት፣ ስለ ደለሉ፣ ስለ ቢራቢሮው፣ አባባ ሺያንግ ገመዱን ጥርሱ ላይ ይዞ አተር ስለሚያስርበት ሁኔታ። ከጨለማው ውስጥ ወፍራሙ ጆ ማንኮራፋቱን አቁሞ «ማን ነው የሚያወራው?» አለ። እትዬ ሉዎ «ዪንሁዋ ናት» አለች። «ዪንሁዋ ታወራለች እንዴ?» «ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው!»

«ጀርገን?» አለች እናቷ። «እዚያ ማን ይተክለዋል ጀርገን?»

«እኔ። የተከልኩት እኔ ነኝ። ይዟል።»

«ሐምሌ ላይ ወንዙ ይወስደዋል አላልሽም?»

«ይወስደዋል።»

«ታዲያ ምን ይረባል?»

«ኅዳር ላይ እንደገና እተክላለሁ።»

እንዲህ ካለች በኋላ ነው የተናገረችውን የሰማችው። እናቷም ሰማችው። ከዚህ በኋላ ዪንሁዋ እያልኩ መጻፍ አልችልም፤ ቀጥሎ ያለውን ያልኩት እኔ ነኝና። «እማ፣ እኔ እዚህ ደስ ብሎኛል» አልኳት። «መመለስ አልፈልግም።»

እናቴ አልጮኸችም። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ዳክዬዎቹ ጮኹ፤ ዱካው ተንቋቋ። ሰው ታሞ ሲጠየቅ በሚወጣ ቀስ ያለ ድምፅ፣ «ደስ ብሎሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ስለ ሰሃኑ ሳስብ ሌሊት አልተኛም ነበር። ለምን ደበቅሽኝ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለእሷም፣ ለማንቲንግም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጉልበቷ የተሰበረ ቀን፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ማዶ መብራቱን እያየሁ፣ በጽዋው ውስጥ የቀረውን በላሁት። እስከ መጨረሻው በላሁት። ጣፈጠኝ።